ሸራ ኮሌታ አይደለም

ኮሌታ የሚለውን ስም ያወጣላት አጎቷ ነው። ዩኒፎርም የሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ነው የኖረችው። እጅጌው የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ኪሱም የሌላ ሰው፣ የሷ ኮሌታ። አንድ ቀን አጎቷ፣ «አንቺ፣ ሸሚዙን ሙሉውን አይተሽው ታውቂያለሽ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «አዎ፣ መንገድ ላይ ሰው ለብሶት ሳይ» አለችው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ኮሌታ ሆና ቀረች።

ስሙ ያሳነሳት እንዳይመስላችሁ ታዲያ። መርፌ ስትይዝ መርፌው ራሱ የሚፈራት ሴት ናት። የሰው ልብስ ላይ የተጣመመ ስፌት ካየች ታክሲ ውስጥም ቢሆን ዝም አትልም። ልቧ ውስጥ ያለው ደሞ አንድ ነገር ነው፦ ከዚያ ፋብሪካ ወጥታ፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ መኪናዋ፣ ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው የራሷ የሆነ ነገር መስፋት።

መውጫው መንገድ የመጣው ባልታሰበ በኩል ነው። አጎቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሲመሽ ሲመሽ ግን ጓዳው ውስጥ በሪሞት የምትነዳ የሸራ ጀልባ ይሠራል። ጀልባዋ ቁመቷ አንድ ሜትር ናት። የሚገፋት ሞተር የላትም፣ የሚገፋት ነፋስ ነው። ውስጧ ያሉት ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ሥራቸው ሌላ ነው፤ አንዱ መሪዋን ያዞራል፣ አንዱ የሸራዎቹን ገመድ ይስባል፣ ይለቃል። እና ዘንድሮ የአጎቷ ጣቶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሪሞቱን ሲይዝ ጀልባዋ እንደሰከረ ሰው መወላገድ ሆነ ሥራዋ። ስለዚህ ሪሞቱን ለኮሌታ ሰጣትና ስድስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ አስተማራት። ሸራውንም ራሷ ሰፋችው።

ከከተማው ዳር ያለው ኩሬ ላይ ክበብ አለ፤ አሥራ አራት ጀልባ፣ አሥራ አራት ባለቤት። ሸራዎቻቸውን ከውጭ የሚልክላቸው ሰውዬ ሥራውን ተወ። ያሉት ሸራዎች ደሞ እንደ አሮጌ ፎጣ ሳስተዋል። የክበቡ ሊቀመንበር ፋርማሲስት ናቸው፣ በሰል ያሉ ሴትዮ፣ ነገር የማይወዱ። የክበቡ ሻምፒዮን ደሞ የጥርስ ሐኪም ነው። ሐኪሙ «ሌላ አገር ዘመድ አለኝ፣ እሱ'ጋ ላዝዝላችሁ» ይላል። አጎትየው «እኛ'ጋ እጀ ወርቅ እያለች ምን አስኬደን» ይላል። ፋርማሲስቷ ሁለቱንም አዳመጡና ገላገሏቸው።

«እሁድ ሦስት ዙር ውድድር አለ» አሉ። «ከሦስቱ በሁለቱ የኮሌታ ሸራ የዶክተርን ከቀደመ፣ የክበቡን ሸራ በሙሉ የምትሰፋው እሷ ናት። ካልቀደመ ከውጭ ይመጣል። አለቀ።»

የአሥራ አራት ጀልባ ሸራ ማለት፣ ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ ለቀላል ነፋስ ሌላ፣ ለከባድ ነፋስ ሌላ፣ ሲያልቅ ደሞ እንደገና። ኮሌታ ይህንን ስትሰማ እንቅልፍ ያጣች እንዳይመስላችሁ። እስክትጠግብ ተኛች።

እሁድ ጠዋት ኩሬው ዳር ጀልባዋን እንጨት ድጋፏ ላይ አቁመው መገጣጠም ጀመሩ። ምሰሶዋን ተከሉ፣ በቀጫጭን ሽቦ ከግራና ከቀኝ ወጠሩ፣ ትልቁንም ትንሹንም ሸራ አሰሩ። ክዳኗ ውሃ እንዳያስገባ ኮሌታ ዙሪያዋን በፕላስተር አሸገች። ሪሞቱን ቀድማ አበራች፣ ከዚያ ጀልባዋን፤ አጎትየው ይህን ተራ ያዛባ ሰው ላይ ይቆጣል። ከዚያ ሪሞቱ ከሩቅ መሥራቱን ሊፈትን ጀልባዋን ታቅፎ ስልሳ እርምጃ ራቀ።

«ግራ» ብሎ ጮኸ ከሩቅ።

መሪዋን ወደ ግራ አዞረች።

«ሸራ ልቀቂ። ሳቢ። ጆሮሽን ይዘሽ ዝለይ።»

«የመጨረሻውን ሪሞቱ አይችለውም» አለችው፤ እየሳቀ ተመለሰ።

ከዚያ ጎንበስ አለና፣ ከትልቁ ሸራ ግርጌ የተጋደመችውን ቀጭን እንጨት እያሳያት፣ «እይ» አላት። «ነፋሱ ዛሬ ደካማ ነው። በጨርቁና በዚች እንጨት መሃል አንድ ጣት ተኩል ክፍተት ይኑር፤ ሸራው ሆድ ያውጣ። ምሰሶው አጠገብም ትንንሽ ሽብሽብ ታያለሽ። ተያት።»

«ሽብሽብ?»

«ሽብሽብ።»

«አጎቴ፣ በአንድ ሽብሽብ ከሥራ የተባረረች ሴት አውቃለሁ።»

«እዚህ ኩሬ ላይ ተቆጣጣሪ የለም። ተያት ብያለሁ» አለና ስማቸውን ሊያስመዘግብ ሄደ።

እሷም ልትተዋት ነበር፣ ከልቧ። ግን አሥራ ሦስቱ ባለቤቶች ሸራውን ለማየት ተራ በተራ መምጣት ጀመሩ። ነገ ደንበኞቿ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ ዓይናቸው ደሞ ቀጥ ብሎ ሽብሽቧ ላይ ነው የሚያርፈው። ፋርማሲስቷም መነጽራቸውን እያስተካከሉ ከወዲያ ሲመጡ ታዩ። የስምንት ዓመት ልማድ ነውና እጇን አላስችል አለው። የላዩን ክር ሳብ፣ የታቹን ክር ሳብ፣ ጫፉን ወጠር። ሸራው ቀጥ አለ። ዝንብ ብታርፍበት የሚያንሸራትት ሆነ።

«ውይ፣ የተተኮሰ ነው የሚመስለው» አሉ ፋርማሲስቷ።

ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቢጫ ጀሪካን ተንሳፍፏል፣ ከታች ነጭ ጀሪካን። ከነጩ ተነሥቶ ቢጫውን ዞሮ፣ ነጩን ዞሮ፣ እንደገና ወጥቶ ቢጫው አጠገብ ያለው መስመር ላይ መጨረስ ነው። ወደ ነጩ መውረድ ቀላል ነው፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋሻል። ወደ ቢጫው መውጣት ነው ጉዱ። ነፋስን ፊት ለፊት የምትገጥም የሸራ ጀልባ የለችም፤ ዳገት እንደሚወጣ መንገድ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ነው የሚወጣው።

ፊሽካው ተነፋ። አሥራ አራቱም ተነሡ። ማለቴ አሥራ ሦስቱ ተነሡ፤ የኮሌታ ጀልባ እያሰበችበት ነበር። መሪዋን ብታዞር፣ ገመዱን ብትስብ ብትለቅ፣ ጀልባዋ ውሃ ላይ እንደተቀመጠ ጠረጴዛ ሆነች። የሐኪሙ ጀልባ ቢጫውን ስትዞር የሷ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበረች። አሥራ አንደኛ ወጣች።

አጎትየው ጀልባዋን ከውሃ አወጣ። ሸራውን አየ። እሷን አየ። እንደገና ሸራውን አየ።

«ማነው ያጠበቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሰው እያየው ነበር።»

ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልተቆጣም። ሳሩ ላይ ቁጭ አለ። «ኮሌታዬ፣ ኮሌታ ሥራው ቀጥ ብሎ መቆም ነው» አላት። «ሸራ ግን አየር የሳበ ደረት ነው። የደረት ልብስ ስትሰፊ ጨርቁን እንዲህ ግትር አድርገሽ ትወጥሪዋለሽ?»

«አልወጥርም። ቦታ እተውለታለሁ።»

«ታዲያ ለነፋሱስ ቦታው የታለ?»

ይቺን ይቺን ሁለቴ የሚነግሯት ሴት አይደለችም። ክሮቹን አላላች፣ ጣቷን አስገብታ ለካች፣ አንድ ጣት ተኩል። ጨርቁ ሆድ አወጣ፣ ምሰሶው አጠገብ ሽብሽቡ ተመልሶ መጣ። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ተወችው።

ሐኪሙ በዚያ ሲያልፍ አየና ቆመ። «ኮሌታ፣ ሸራሽ አሁን ከአልጋ የተነሣ ነው እንዴ የሚመስለው?»

«አዎ ዶክተር፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቷል። ይድረሱበት እንግዲህ።»

ሁለተኛው ዙር ላይ ያቺ ጠረጴዛ የነበረች ጀልባ ሌላ ፍጥረት ሆነች። ነፋስ መኖሩን ሰው ቆዳው ላይ ሳያውቅ፣ እሷ ታውቀዋለች። ቢጫውን አንደኛ ዞረች፣ ቁልቁል ስትወርድ ሁለቱን ሸራ ወዲህና ወዲያ እንደ ክንፍ ዘረጋችላት። ሐኪሙ ከኋላዋ ሆኖ ሪሞቱን እንደሚያመው ጥርስ ሲነካካ ዋለ። ቀደመችው። አንድ ለአንድ ሆኑ።

እረፍት ነበር። ኮሌታ ቆማ ኩሬውን እያየች ነው። ከወዲያኛው ዳር ውሃው ጠቆር ብሎ፣ ሸካራ ሆኖ እየመጣ ነው። ዛፎቹ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረዋል። ዞር ስትል ሐኪሙ የራሱን ሸራ ክር እያላላ ነው፤ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት፣ ውሃ እንደያዘ ጉንጭ የተነፋ።

«ዶክተር፣ ነፋሱ እየበረታ ነው» አለችው። «እንዲህ ባያላሉት ይሻላል።»

«አሁን ነቄ ብያለሁ» አለ ሐኪሙ። «በዚሁ አሸንፈሽ ልታስጠብቂኝ ነው አይደል?»

የነገሩትን ካልሰማ ምን ታድርገው። ወደ ጀልባዋ ተመለሰችና የራሷን ሸራ ማጥበቅ ጀመረች። አጎትየው ደረሰባት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠበቅሁት።»

«እንዴ፣ ጠዋት ያስቀረሽ ምን ሆነና? ያሸነፈ ጀልባ አይነካም። እኔ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ተይው።»

ነገሩ ከባድ ነበር። ያስተማራት እሱ ነው፤ ደሞ ይህ ዙር ከተበላ ነገ ጠዋት ያው መኪና፣ ያው ወንበር ነው። ግን እጇ ጨርቁን ይዞታል፣ ጨርቁም እየነገራት ነው፤ በነፋሱ እየተንፈራጠጠ፣ ሆዱ እየተገለበጠ። ጨርቅ ሲናገር ደሞ እሷን የሚበልጥ አስተርጓሚ የለም።

«አጎቴ» አለችው፣ «ጠዋት ያጠበቅሁት ለሰው ዓይን ብዬ ነው። አሁን ለነፋሱ ነው። ቦታ የሚሰጠው ለሚፈልግ ነው፤ ይሄ ነፋስ ደሞ ከተሰጠው በላይ የሚወስድ ነው።»

አጎትየው ሸራውን በጣቱ ነካ አደረገው፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ። «ሪሞቱ ያንቺ ነው» አለ።

ፊሽካው ተነፋ። ነፋሱም ከፊሽካው ጋር የተቀጣጠረ ይመስል መጣ። ጀልባዎቹ ጎናቸው ላይ ተጋደሙ። የኮሌታ ጀልባ ዘንበል ብላ ግን ቀጥ ብላ ሄደች፣ ሐኪሙ ከጎኗ። ምንም ቢሆን ሻምፒዮን ነውና አጀማመሩን ያውቅበታል፤ እየታገለም ቢሆን ቢጫውን ቀድሞ ዞረ። ኮሌታ ልትደርስበት ስትል መንገድ አሳጠረች፣ በጣም አሳጠረች፣ የጀልባዋ ጭራ ጀሪካኑን ነካ አደረገው።

ጀሪካን የነካ ባለበት አንድ ሙሉ ዙር መዞር አለበት፤ ሕጉ ነው። ፋርማሲስቷ በዚያ ሰዓት ሁለት የተጋጩ ሰዎችን እያስታረቁ ነበር። ከሷና ከአጎቷ በቀር ማንም አላየም።

«አየሽው?» አለ አጎትየው በቀስታ።

«አይቼዋለሁ» አለችና ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ነክቻለሁ፣ እየዞርኩ ነው» ብላ ተናገረች።

ጀልባዋን እዚያው አሽከረከረቻት። ዞራ ስትጨርስ ሐኪሙ ስምንት የጀልባ ቁመት ርቆ ነበር። እሷ ግን ፊቷ አልተለወጠም፤ የቀራት አንድ አቀበት ነበር፣ አቀበት ላይ ደሞ የሚለየው ጨርቅ ነው።

እንደዚያው ሆነ። ነጩን ዞረው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምሩ፣ ያ የተነፋ የሐኪሙ ሸራ ነፋሱን ያለመጠን ጎረሰ። ጀልባው ጎኑ ላይ ይተኛል፣ መሪው ከውሃ ይወጣል፣ አፍንጫው ሳይታዘዝ ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ ይቆማል። ሐኪሙ ያቀናዋል፣ ይሄዳል፣ ደሞ ይተኛል። የኮሌታ ጀልባ ደሞ ነፋሱ ሲመታት ትንሽ ዘንበል፣ ገመዱን በትንሹ ለቀቅ፣ ቀና፣ ወደፊት። ስምንቱ ቁመት አምስት ሆነ፣ አምስቱ ሁለት። ከመጨረሻው መስመር በፊት አንዴ ታጠፈች፣ አንዴ ደገመች፣ አፍንጫዋን በሐኪሙ ጀልባ አፍንጫ ፊት አሳልፋ ገባች። የለያያቸው አንድ ክንድ ነው።

አጎትየው ሄዶ ጀልባዋን ከውሃ አወጣት፣ በሸሚዙ እጅጌ ጠራረጋት፣ ከዚያ በሚንቀጠቀጠው ጣቱ ያንን ሸራ ሲዳስሰው ቆየ። «ይሄን እኔ አላስተማርኩሽም» አላት በመጨረሻ።

ፋርማሲስቷ መነጽራቸውን አውልቀው መጡ። «ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል ልጄ?»

«ጀልባዎቹን ከነምሰሷቸው ያምጡልኝ እትዬ፣ በወረቀት ልክ አልሰፋም። በሁለት ወር አደርሳለሁ። ነገ ጠዋት ለፋብሪካው የሥራ መልቀቂያ አስገብቼ፣ ከሰዓት እጀምራለሁ።»

ሰዉ ይህን ሲሰማ ጀልባውን እየታቀፈ ተሰለፈ፤ ነገ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል። እሷም ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ሳሩ ላይ ተንበርክካ መለካት ጀመረች። ሐኪሙ ከኩሬው ማዶ ጀልባውን ይዞ ሲመጣ ስምንት ሰው ቀድሞታል። ሰልፉን አየና ወደ ፊት ጠጋ አለ።

«ኮሌታ፣ ለሻምፒዮን አታስቀድሚም?»

«ሻምፒዮን ነበሩ ዶክተር» አለችው፣ ዓይኗን ከሜትሩ ሳታነሣ። «አሁን ዘጠነኛ ነዎት።»