ስልሳ ሁለት አይበቃም

ጋሽ ዘጠና ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድም ፕሮግራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም። ይህን የምትለው ሚስቱ ናት። እሱ "ስም ማጥፋት ነው" ይላል፤ ይሁን እንጂ ምስክር ይጠራ ቢባል ሰፈሩ በሙሉ ከሚስቱ ጎን ይቆማል። ቅጽል ስሙን ያወጣለትም ያው ሰፈር ነው።

ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው ጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ፣ በጥራት ተቆጣጣሪነት ነው። ደማቅ መብራት ፊት ተቀምጦ በተርታ የሚያልፈውን ጠርሙስ ያያል፤ አየር የቋጠረውን፣ አንገቱ የተጣመመውን፣ ጭረት የነካካውን ለቀም እያደረገ ወደ ስብርባሪ ሳጥን ይጥላል። ጡረታ ሲወጣ ጠርሙሱ እዚያው ቀረ፤ ዓይኑ ግን አብሮት ቤት ገባ። መጀመሪያ የሚስቱን ብርጭቆዎች እያነሳ "ይቺ ጠማማ ናት፣ ይቺ ጭረት አላት" ማለት ጀመረ። ከዚያ ወደ መጋረጃዋ ዞረ፣ ከመጋረጃዋ ወደ ምግቧ። ሴትዮዋ ትዕግሥቷ ሊያልቅ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ አንድ ቀን ከፈረሰ ካፌ ጣራ ላይ የወረደ የዛገ ዲሽ ተሸክሞ መጣ። "ተመስገን፣ እንግዲህ ጣራ ላይ ይውላል" አለች። ያን ቀን ባለችው ዛሬ ድረስ ትቆጫለች።

ሙያውን እንኳ ማንም አይነሳውም። የዲሹን ጠርዝ በመዶሻ አቃንቶ ቀለም ቀባው። ምሰሶውን ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ሠራ። ዲሹ ፊት ቆማ ከሳተላይት የሚመጣውን የምትቀበለዋን ዕቃ ዝናብ እንዳይገባባት የእርጎ ኩባያ አጠለቀላት። ሌላ ሰው የጣለውን ሪሲቨር ፈታትቶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ ነፍስ ዘራበት። በጡረታ ደሞዝ ወርሃዊ ክፍያ የማይታሰብ ነው፤ እሱ ግን ምንም ሳይከፍል የስንቱን አገር ጣቢያ ሳሎኑ አስገባ። "ሰማዩ በነፃ ይዘንባል፤ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ውሃ ይገዛል" እያለ ይስቃል። ይህን የሚለው በተለይ ከሥራቸው ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ሲሰማ ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ በየወሩ እየከፈለ የሚያይ ሰው ነውና።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ያ ሪሲቨር የምስሉን ጥራት በቁጥር ይናገራል። ለጠርሙስ ተቆጣጣሪ ከዚህ የባሰ መርዝ የለም። ስልሳ ሲል ሰባ ለምን አይሆንም ይላል፤ ሰባ ሲሆን ሰማንያ። ድራማው ሊጠናቀቅ፣ ገዳዩ ሊታወቅ ሲል መፍቻውን ይዞ ብድግ ይላል፤ ሲመለስ ሌላ ፕሮግራም ጀምሯል። ዘጠና የገባ ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ሰው ምን ታይቶ ይሆን ብሎ ሲገባ ያሳየው ፊልም አልነበረም፤ ቁጥሩን ነበር። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ዘጠና ሆኖ ቀረ።

ዲሽ ማስተካከል ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እሱ ጣራ ላይ ይወጣል፤ ሚስቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ሆና በመስኮቱ ትጮኻለች። "መጣ!" ካለች ምስሉ መጥቷል፤ "ሄደ!" ካለች ሄዷል። ነጭ ሽንኩርት እየላጠችም፣ ስልክ እያወራችም፣ ሸለብ አድርጓትም "መጣ፣ ሄደ" ማለቱን ተክናበታለች።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ነው የመጨረሻ ልጃቸው የደወለችው። ልጅቷ የመረብ ኳስ ዳኛ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ማዶ ትልቅ የፍጻሜ ጨዋታ እንድትመራ ተመርጣለች። "በቀጥታ ይተላለፋል" አለቻቸው። "በነፃ የሚያሳይ ጣቢያም አለ።" እናትየው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አባትየው ስልኩን ተቀበለና "በየትኛው ሳተላይት?" አለ።

ወሬው ሲሰማ ፀጉር አስተካካዩ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። "ጋሼ፣ እኔ ጋ ያለው ጥቅል ውስጥ ጣቢያው አለ። ወንበር አዘጋጃለሁ፣ እትዬን ይዘሃት ና። የሰፈራችን ልጅ አይደለች እንዴ?"

የጋሽ ዘጠና ደም ፈላ። "የገዛ ልጄን ፊት በክፍያ ልይ?"

"ኧረ አንተ አትከፍልም፣ እኔ ከፍያለሁ።"

"እሱ ይብሳል" አለና በሩን ዘጋ።

ሚስቱ የሽንኩርት ሳህኗን አነሳች። የማትናገረው ነገር ሲበዛ ሽንኩርት መላጥ ትወዳለች፤ በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ ያልተላጠ ሽንኩርት አልቀረም። የተባለው ሳተላይት ከአድማሱ ጥግ ዝቅ ብሎ፣ ከጎረቤት ሕንጻ የውሃ ታንከር ጎን በቀጭኑ የሚገኝ ሆነ። ጋሽ ዘጠና ምሰሶውን ነቅሎ ወደ ጣራው ሌላ ጥግ አዞረ፣ ኬብል ቀጠለ፣ ወገቡን ያዘው፣ ተሳደበ። ፀሐዩ አናቱን ላጠው። በመጨረሻ፣ በጨዋታው ዕለት ጠዋት፣ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ሚስቱ "መጣ! ኧረ መጣ!" ብላ ስትጮህ መሰላሉን እንደ ጎረምሳ ወረደው።

ስልሳ ሁለት።

አዳራሹ ይታያል፤ ሰዉ ይታያል፤ አልፎ አልፎ ምስሉ በትንንሽ ካሬ ይቆራረጥና መልሶ ይገጥማል። ቡድኖቹ ተሰለፉ። ከመረቡ ጫፍ፣ ከፍ ካለው መቆሚያ ላይ፣ ፊሽካ በአንገቷ ያንጠለጠለች ልጅ ወጣች።

"ልጄ!" አለች እናት። ሳህኑ ከነሽንኩርቱ ጭኗ ላይ ተንቀጠቀጠ። "አየሃት? ፀጉሯን ሰብስባዋለች። ከስታለች መሰለኝ።"

ጋሽ ዘጠና ልጁን እያየ ነበር ማለት ያስቸግራል። ያየው በግራ ጉንጯ ላይ ብቅ ጥልቅ የምትለውን አንዲት ካሬ ነው። ሪሞቱን አነሳ፣ ቁጥሩን አመጣ። ስልሳ ሁለት። ስልሳ አንድ። ስልሳ ሁለት።

"ትንሽ ወደ ግራ ብትገፋ ሰማንያ ትሰጣለች" አለ።

"እንዳትነሳ።"

"አንድ ጊዜ ነው። ፊቷን እንደ መስተዋት አጥርቼ..."

"እኔ ልጄን አውቃታለሁ፤ ካሬም ይኑርባት፣ ክብም ይኑርባት። ተቀመጥ ነው የምልህ!"

"እንደዚህ ያለ ነገር እኔ አላሳልፍም" አለ ጋሽ ዘጠና። ፋብሪካ ውስጥ የሚለውን ነው ያለው። መፍቻውን ይዞ ወጣ።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!" የሚለው የሚስቱ ድምፅ መሰላሉ ላይ ደረሰበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ብሎኑን ነካ ከማድረጉ "ሄደ!" የሚል ጩኸት ሰማ። መለሰው። "ሄደ!" ጥቂት ወደ ቀኝ። "ሄዷል እኮ!" ጥቂት ወደ ላይ። መልስ የለም።

"አሁንስ?"

ዝም።

"አንቺ ሴትዮ! አሁንስ መጣ ወይ?"

ከመስኮቱ መጋረጃው ብቻ ወጣ ገባ ይላል። አኩርፋ ነው ብሎ አሰበና ይበልጥ ተናደደ። እሱ ለማን ብሎ ነው ጣራ ላይ በፀሐይ የሚጠበሰው? ባል ወገቡ እየተቆረጠ አንዲት ቃል ትነፈገዋለች? ይህን ሲያብሰለስል ከታች ሆታ ሰማ። ጠርዙ ላይ ሄዶ ቁልቁል አየ። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ በሰዉ መሀል፣ ደፉ ላይ በወጣው ደንበኛ የሚላጭበት ወንበር ላይ፣ የቤት ነጠላ ጫማ ያጠለቁ ሁለት እግሮች ይታያሉ። ከእግሮቹ በላይ የነጭ ሽንኩርት ሳህን አለ።

ሚስቱ ጥላው ወርዳለች።

መውረድ ይችል ነበር። ደረጃው አጭር ነው፤ ወንበርም ተዘጋጅቶለታል። ማንም አይስቅበትም ነበር፤ ቢስቁም ለአፍታ ነው። ግን ጃንጥላው፣ ውሃ ግዢው፣ "የገዛ ልጄን በክፍያ ልይ" ያለው ሁሉ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተጋደመበት። "ሰማንያ ላስገባና እጠራታለሁ፤ እሷው ራሷ ሮጣ ትመጣለች" አለ ለራሱ።

የሁለት ሰው ሥራ ለብቻ ሲሠራ እንዲህ ነው፦ ብሎኑን ትነካለህ፣ መሰላሉን ትወርዳለህ፣ ሳሎን ገብተህ ታያለህ፣ ባዶ ነው፤ ትወጣለህ፣ ትነካለህ፣ ትወርዳለህ፣ ባዶ ነው። ከታች በሆታው መሀል የፊሽካ ድምፅ ይሰማዋል፤ የሱ ልጅ ፊሽካ ነው፤ እሱ ብቻ አያያትም። ዲሹን በእርግጫ ሊለው እግሩን አንስቶ የእርጎ ኩባያዋ አሳዘነችውና ተወው። ውሃ ታንከሩን ሰደበ። ሚስቱን ሰደበ። ፀጉር አስተካካዩን እስከ ዘር ማንዘሩ ሰደበ። አንዴ ብቻ፣ በለሆሳስ፣ ራሱንም።

ኋላ፣ ሲወርድ፣ ሳሎኑ በራ።

ዘጠና አንድ። በዕድሜው አይቶት የማያውቅ ቁጥር። ምስሉ ምንም እንከን የለበትም፤ አየር አልቋጠረም፣ አልተጣመመም፣ ጭረት የለውም። ከዚህ ጠርሙስ ላይ የሚያነሳው ስህተት አጣ። በዚያ ጥራት የሚታየው ግን ባዶ አዳራሽ ነው። ሁለት ሠራተኞች መረቡን አውርደው ይጠቀልላሉ፤ የመረቡ ቋጠሮ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከፍ ያለው መቆሚያ ላይ ማንም የለም።

ጋሽ ዘጠና መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ማልቀስ ፈለገ፤ ንዴቱ ግን መንገድ ዘጋበት።

ሚስቱ ሳህኗን ይዛ ገባች። ቴሌቪዥኑን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ እሱን አየች።

"እንዴት ነበረች?" አለ።

"አንዷ ተጫዋች ጮኸችባት፣ ረጅሟ። ሰዉ ሁሉ ጮኸባት። እሷ ዝም ብላ አየቻትና ካርድ አወጣች።" ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። "ግንባሯን እንዴት እንደቋጠረችው ብታይ። ጠርሙስ ስትጥል የምታሳየውን ፊት ነው ያሳየችው። ያንተን ፊት።"

ይሄ ከሁሉ ባሰበት። ልጁ በሺህ ሰው ፊት የሱን ፊት ለብሳ ስትቆም፣ የፊቱ ባለቤት ጣራ ላይ ብሎን ሲያዞር ነበር።

ልጅቷ ስትደውል ሚስቱ ስልኩን አንስታ ሰጠችው።

"አባዬ! አየኸኝ?"

"እናትሽ አይታሻለች።"

"አንተስ?"

ዓይኑን እጁ ላይ ወዳለው መፍቻ ጣለ። ወዲያ ማዶ ሳቅ ሰማ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። "ጣራ ላይ ነበርክ አይደል? አውቄያለሁ እኮ። ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት ትርዒት ላይም ካሜራ ስታስተካክል ነው ያመለጥኩህ።" ከዚያም፣ "ይሁን፣ ስንት ደረሰ ታዲያ?" አለችው።

ጋሽ ዘጠና ይህን ጥያቄ ሰው እስኪጠይቀው ጠብቆ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ቁጥሩ ከአፉ አልወጣ አለ።

"ነገ ከምሳ በኋላ ይደግሙታል" አለችው ልጅቷ። "እዚያው ጣቢያ ላይ።"

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ ዘጠና መፍቻውን ለሚስቱ ሰጣት። "ደብቂው። ወደ መሰላሉ የሚያወጣውን የጣራውንም በር ቆልፊና ቁልፉን ደብቂ።"

"የት?"

"እኔ ብነግርሽማ ምኑን ተደበቀ?"

በማግስቱ ነፋስ ተነሳ። ዘጠና አንድ የነበረው ሰባ ሆነ፣ ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ሃምሳ ስምንት። ጋሽ ዘጠና ሶፋው ላይ እጆቹን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው። ከላይ ዲሹ ሲጢጥ ሲል ይሰማዋል፤ የላላችው የትኛዋ ብሎን እንደሆነች በድምፅዋ ያውቃታል። ላብ አጠመቀው። ሚስቱ ሽንኩርት አልያዘችም፤ አንድ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንድ ዓይኗ እሱ ላይ ነው።

"ይቺ ናት" አለች። "አሁን ልትጮህባት ነው። እያት።"

ረጅሟ ተጫዋች ወደ መቆሚያው ቀረበች። ልጅቷ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ልክ በዚያች ቅጽበት ምስሉ ፍርክስክሱ ወጣ፤ አፍንጫ አንድ ቦታ፣ ግንባር ሌላ ቦታ፣ ፊሽካው ለብቻው። ጋሽ ዘጠና ከወገቡ ብድግ አለ። የጣራው በር እንደተቆለፈ ትዝ አለው። በሩን ገንጥሎ የሚወጣበት ንዴት አልጎደለውም፤ ሚስቱም አልያዘችውም። ጥርሱን ነክሶ መልሶ ተቀመጠ።

ካሬዎቹ አንድ በአንድ ቦታቸውን ያዙ። አንዲቷ ብቻ ጉንጯ ላይ ቀረች። ከዚያች ካሬ በላይ የተቋጠረ ግንባር፣ ከግንባሩ በላይ ከፍ ያለ ካርድ ታየ።

"መጣች!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ዘጠና፣ አፉን ወደ መስኮቱ አድርጎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ። "መጣች!"

ጣራው ላይ የሚሰማው ማንም አልነበረም።