ቁም ሳጥን ውስጥ ያለችው ብርሃን

ተመራማሪዋ ዶክተር ሰኞ ጠዋት የቤተ ሙከራዋን በር ስትከፍት ወበቁ ተቀበላት። ማቀዝቀዣው ቅዳሜና እሁድን ጠብቆ ተበላሽቷል፤ ማሽን እንደሆነ ሰው የሌለበትን ቀን ያውቃል። በጨለማው ክፍል የተደረደሩትን ብልቃጦች አንድ በአንድ ነቀነቀቻቸው። በዓይን የማይታዩት የባሕር ፍጥረታት ውሃው ሲናጥ ሰማያዊ ብርሃን ይረጩ ነበር። አንዱም አልበራ። ሟቹ መምህሯ ራሱ ከባሕር ቀድቶ ያራባው፣ «አደራ!» ብሎ የተወላት ዘር ነው፤ ሌላ ቦታ አይገኝም። ሀሞቷ ፈሰሰ።

ድንገት አማቷ ትዝ አሏት። እሳቸው ከእሷና ከባሏ ጋር ሊኖሩ ጠቅልለው የገቡ ቀን ስጦታ መግዛት ረስታ ከነዚሁ ፍጥረታት አንዲት ጠርሙስ ሰጥታቸው ነበር። «ብርሃን ትወዳለች» ከማለት በቀር ምንም አልነገረቻቸውም። ፍጥረታቱ የሚያበሩት በራሳቸው ሌሊት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ቤተ ሙከራ ሌሊት መብራት ይበራላቸዋል፣ ቀን ይጨልምባቸዋል፤ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት ሲያበሩ እንዲያያቸው ነው። ይህን መናገር ረስታለች።

አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ይባላል። እነዚህ ግን የሚጋጩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አሮጊቷ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል አያጠፉም።

እየሮጠች ቤት ገባች።

«እማማ፣ ያቺ ጠርሙስ... ጣሏት አይደል?»

«ምን በወጣኝ!» ቁም ሳጥኑን ከፈቱት። «ግቢ።»

«የት?»

«ውስጥ ነዋ! በቀን ብርሃን ልትታይሽ ነው?»

ዶክተሯ ከአማቷ ካፖርት ሥር ተሸጎጠች። አሮጊቷም እያለከለኩ ገብተው በሩን ሳቡና ጠርሙሷን ነቀነቁ። ሰማያዊ ብርሃን የሁለቱንም ፊት አጥለቀለቀው። ምራቲቱ እንባዋን መያዝ አልቻለችም።

«እንዴት አቆዩልኝ?»

«መጀመሪያ ማታ ብነቀንቃት እምቢ አለችኝ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ኋላ ቀን ልብስ ሳወጣ ነካኋት፤ ቦግ አለች! ለካ ሌሊቷ ቀን ነው። ይሄው ቤቱ ጭር ሲል እሷ ታበራልኛለች፣ ማታ ደግሞ አውጥቼ እኔ አበራላታለሁ። አንቺ አምፖሉን አጥፊው ስትይኝ ብድሯን እየመለስኩ ነበር።»

«እድሜ ይስጥልኝ፣ እማማ!» ብላ አቀፈቻቸው። ቁም ሳጥኑ ሊገለበጥ ምንም አልቀረው።

«በይ ውሰጃት፤ ሥራሽ ናት» አሉ፤ እጃቸው ግን ጠርሙሷን አልለቀቀም።

ምራቲቱ ግማሹን ብቻ ቀድታ ሄደች። ዘሩ ከዚህ በኋላ ሁለት ቤት ይኖረዋል።

ማታ ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ ወደ አማቷ ክፍል ገባች። መለዋወጫ አምፖል ገዝታላቸው ነበር።