አርባ ሁለት ቁጥር ቦት ጫማ

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ከቆቦ ወጣ ብሎ ያለ የመስኖ ማህበር ፀሐፊ ነኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለጉድጓዱ ፓምፕ ሦስት ሠራተኛ ቀጠርን፤ ሦስቱም ሞተር አቃጠሉ። ለምን አትሉኝም? አንዱ የአቶ አላምረው የእህት ልጅ፣ አንዱ የጋሽ ሙህዲን አማች፣ አንዱ የአቶ አባይ የአበልጅ ልጅ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። እነዚህ ሦስቱ የቅጥር ኮሚቴያችን ናቸው። ክፉ ሰዎች እኮ አይደሉም። አድልታችኋል ብትሏቸው ከልባቸው ያዝናሉ፤ እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ዚነትን ግን ሁለት ጊዜ መለሷት። ሮቢት አንድ የሽንኩርት እርሻ ላይ አምስት ዓመት ፓምፕ ስታሠራ የኖረችውን ልጅ! ቃለ መጠይቅ ስትገባ «የማን ልጅ ነሽ? ሌሊት ጉድጓድ ዳር እንዴት ታድሪያለሽ? ለአንቺው አዝነን ነው» ይሏታል። እርሻው ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ተጠግታለች። ሁለተኛ ጊዜ ተመልሳ ስትወጣ፣ «እትዬ፣ ሌላ አንድ ጊዜ ልሞክርና እምቢ ካሉኝ ልጆቼን ለእናቴ ጥዬ አረብ አገር እሄዳለሁ» አለችኝ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የቆቦውን የኮምፒውተር አስተማሪ ፍሬሰላምን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ስምንም፣ ፆታንም፣ ሰፈርንም ደብቆ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራልን። ተፈታኞቹ መልሳቸውን ለእሱ ለብቻው ይነግሩታል፤ እሱ ይጽፋል። ኮሚቴው ነጥብና አስተያየት ሰጥቶ ካልፈረመ ስሙ አይከፈትም። ለእኔም ቢሆን።

ኧረ ጉድ! ሰው ስም ሲደበቅበት እንዲህ ይታመማል? «የማን ልጅ እንደሆነ ሳላውቅ ምኑን ልቅጠር?» አሉ አቶ አላምረው። «በሬ ስንገዛ እንኳ የማን ቤት በሬ ነው ብለን አይደል እንዴ?»

«በሬ ሞተር አያቃጥልም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ሦስቱም አኩርፈው የተፈታኞቹን መልስ ማንበብ ጀመሩ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰባት ቁጥር ላይ ደረሱ። ሞተሩ ቢግልና ድምፁ ቢቀየር ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ የሰባት ቁጥር መልስ እንዲህ ይላል፦ «መጀመሪያ አጠፋዋለሁ። ከመብራቱ መስመር አንዱ ጠፍቶ እንደሆነ አያለሁ። እሱ ደህና ከሆነ የጉድጓዱን ውሃ እለካለሁ። ውሃ ሳይኖር የሚያሠራ ሰው ሞተሩን አይውቀስ።»

ሦስቱም መልሱን ደግመው አነበቡት። ለሻይ ስንወጣ ጋሽ ሙህዲን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሰባት ቁጥር የዋጃው የወንድሜ ልጅ ነው። ወላሂ፣ አነጋገሩን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ብርጭቆዬን ሳላስቀምጥ አቶ አባይ መጡ፤ ለእሳቸው ደግሞ የጎብዬው የአክስታቸው ልጅ ነው። አቶ አላምረው ደግሞ የእኔው ነው በሚል ዓይን ጠቀሱኝ። አቤት አቤት! ሻዬን ጠጥቼ ገባሁ።

ሦስቱም ለሰባት ቁጥር ሙሉ ነጥብ ሰጡ። አቶ አላምረው አስተያየቱ ላይ «እንዲህ ያለ ሰው ጉድጓዱን ቀንም ሌሊትም ቢጠብቅ አያሳስብም» ብለው ጻፉ። ሦስቱም ፈረሙ።

እኔ ግን፣ ይሄማ የአንድ ትልቅ መካኒክ መልስ ነው፤ ዚነት ዘንድሮም አልሆነላትም፣ መሄዷ ነው አልኩ። እያዘንኩም ቢሆን ገበያ ወጥቼ ለአዲሱ ሠራተኛ ቱታና የጎማ ቦት ጫማ ገዛሁ።

ሰኞ ጠዋት ፍሬሰላም የሰባት ቁጥርን ስም ከፈተው። ዚነት አብዱሰመድ ይላል።

«ኮምፒውተሩ ተሳስቷል» አሉ አቶ አባይ። ጋሽ ሙህዲን «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ብለው ቆባቸውን አስተካከሉ። አቶ አላምረው «እንግዲህ ሌሊት...» ብለው ሲጀምሩ ቃለ ጉባኤውን አነሳሁና የገዛ ጽሑፋቸውን አነበብኩላቸው። ደገምኩላቸው። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ጥበቃው በመስኮት ብቅ አለ። የሦስቱም ፊርማ ከሥሩ አለ። ተቀጠረች።

በማግስቱ ዚነት መጣች። ኮሚቴው በሙሉ ፓምፑ ጋ ቆሟል። ቱታውን ለበሰችው፤ እጅጌው ጣቶቿን አልፎ ተንጠለጠለ። ጫማውን አጠለቀችው፤ አንድ ስትራመድ እዚያው ቆሞ ቀረና እግሯ ብቻውን ወጣ።

ጋሽ ሙህዲን አንስተው ቁጥሩን አዩት። «አርባ ሁለት! ይሄን የገዛ ሰው ለማን ብሎ ነው የገዛው?»

ሦስቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እነሱን ስራገም የከረምኩት ሴትዮ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ዚነትዬ፣ ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ቀረሁ።

«ግድ የለም እትዬ» አለች። ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ የጫማውን ጫፍ ትወትፍ ጀመር። «ሮቢትም ሲሰጡኝ እንዲሁ ነበር። ጨርቁን ከቤቴ ይዤው ነው የመጣሁት።»