የበረኛው ሰላምታ

መቀርቀሪያው በግራ በኩል ነበር።

አስናቀች ይህን ያየችው ባነሩ ድንኳኑ ውስጥ ከተሰቀለ፣ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ከሥሩ ከተደረደሩና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከተቀመጡ በኋላ ነው። በባነሩ ላይ አባቷ አቶ ተረፈ ጋቢያቸውን እንደ ልማዳቸው በግራ ትከሻቸው ጥለው፣ የሳሎኑን በር ከውስጥ ሊዘጉ እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ አሳርፈው ፈገግ ብለዋል። በሩ የእነሱ በር ነው። አረንጓዴ ቀለሙም፣ ከታች ውሻ የቧጠጠው ቆርቆሮም የእነሱ ነው። የእነሱ መቀርቀሪያ ግን በቀኝ ነው።

ቴርሞሱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ተገልብጦ ታትሞ ነው እንዳትል፣ ጋቢው በትክክለኛው ትከሻ ላይ ነው፤ ቅንድባቸው ላይ ያለችው ጠባሳም በቦታዋ ነች።

ባሏን አበራን በዓይኗ ጠርታ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

"ፎቶውን ከየት አመጣኸው?"

"ከአባባ ኮምፒውተር። የመታወቂያው ትንሽ ነው አሉኝ። ይኼን ሳሳየው አታሚው ራሱ እንዲህ የጠራ ፎቶ አላየሁም ነው ያለው። ምነው?"

"መቀርቀሪያውን እየው።"

አበራ አንገቱን አስግጎ አየና ተመለሰ። "አስኑ፣ በዚህ ቀን መቀርቀሪያ ታያለሽ? ሂጂ፣ ሰዎቹ ቡና ይጠብቃሉ።"

ቡናውን ቀዳች። ልቧ ግን ሌላ ቦታ ሄዷል። አስናቀች ስልክ ሲጮህ መርዶ፣ ሰማይ ሲጠቁር በረዶ የምትጠብቅ ሴት ነች። ልጇ ሐዳሳ ከትምህርት ቤት ጥቂት ከዘገየች የሆሳዕና ከተማ ባጃጅ ሁሉ በሐሳቧ ይገለበጣል። አሁንም ሐሳቧ እንደ ልማዱ ገደሉን ፈልጎ አገኘው። አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ሌላ ቤት። ሰው ለገዛ ቤቱ ያሠራውን በር ለሌላ ቤትም ያሠራል ማለት ነው። ያ ቤት የት ነው? አንጋጫ? ዱራሜ? ውስጡስ ማን አለ?

ነገሩን ከኋላ ወደ ፊት ስታየው ደግሞ ሁሉም ገጠመላት። አቶ ተረፈ ጡረታ ከወጡ በኋላ ኮምፒውተር ገዝተው፣ ማታ ማታ ከእራት በፊት ክፍላቸውን ዘግተው መቀመጥ ጀምረው ነበር። በእንግሊዝኛ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ድምፃቸውን ያከብዳሉ። የቤቲንግ ቁማር ይሆናል ብላ ፈርታ አንድ ቀን ጠይቃቸዋለች።

"ሥራ ይዤ ነው" አሏት።

"ምን ሥራ፣ አባዬ?"

"በረኛ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ።"

"ደመወዙስ?"

"የለውም" ብለው ሳቁ።

ያኔ አእምሯቸው መድከም ጀመረ ብላ አልቅሳ ነበር። አሁን ግን ሌላ ትርጉም ሰጠችው። የማንን በር ነበር የሚጠብቁት?

ይህ ሁሉ ሳይበቃ፣ ለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ዘመድ በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ያድራል፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። በዚህ ቤት ከልጅነቷ ጀምሮ በር የሚዘጉት አባቷ ነበሩ። የሞቱ ዕለት ማታ እንኳ ዘግተው ነው የተኙት፤ ጠዋት በእንቅልፋቸው እንዳሉ ሲያገኟቸው መቀርቀሪያው እንደተወረወረ ነበር። ድንኳኑ ሲነሳ ያንን በር የምትዘጋው እሷ ናት። ከሌላው ቤት ነገር ቀጥሎ የምትፈራው ይህን ነው።

በማግስቱ አንድ ወጣት በሞተር መጣ። ኮፍያውን አስተካክሎ፣ አቧራውን አራግፎ ወደ ድንኳኑ ገባና ባነሩ ፊት ቆመ። ፈገግ አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ።

ለማያውቁት ሰው እንዲህ አይለቀስም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ሀንዲኖ ተነስተው ቦታ ሰጡት። ሲረጋጋ አስናቀችን ፈልጎ መጣ።

"የአባባ ተረፈ ልጅ እርስዎ ነዎት? አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ፣ እትዬ። ናስረዲን እባላለሁ፤ ከቦኖሻ ነኝ።"

አባባ። አስናቀች ክንዱን ይዛ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከእንሰቱ ሥር ወሰደችው።

"እናትህ ማን ትባላለች?" አለችው።

"ፋጡማ።" ግራ ገባው።

"ደህና ናት?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት።"

"አባዬ መሞታቸውን ታውቃለች?"

"ነግሬያታለሁ። በጣም አዘነች።"

አስናቀች የእንሰቱን ቅጠል ያዘች። "በሩ የእናንተ ቤት በር ነው?"

"የቱ በር?"

"ፎቶው ላይ ያለው። አትደብቀኝ፤ የመጣው ይምጣ። አባባ አባትህ ናቸው?"

ናስረዲን አፉን ከፍቶ አያት። በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ስለሆነ ከንፈሩን ነክሶ ወደ መሬት አቀረቀረ።

"እትዬ፣ አባቴ ኢብራሂም ነው፤ በርበሬ ይነግዳል። አባባን በአካል አንድ ቀን አግኝቻቸው አላውቅም። እዚያ የተሰቀለው ደግሞ ፎቶ አይደለም። ሥዕል ነው።"

"ምን?"

"ሥዕል። ፖላንድ ያለች ሴት ናት የሣለችው። አባባ የላኩላትን ፎቶ አይታ፣ እንደ ፎቶ አድርጋ። ተጫዋቹ ወደ በሩ የሚመጣው ከግራ ስለሆነ፣ ቶሎ እንዲታየው መቀርቀሪያውን ወደ ግራ አዞረችው። አባባ እንዲያውም ‘ልጄ ብታየው አትወደውም’ ብለው ነበር።"

አስናቀች እንሰቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "ተጫዋች? የምን ተጫዋች?"

ናስረዲን ቁጢጥ ብሎ ከፊቷ ተቀመጠና እንደ ተማሪ ቤት ነገሩን ከሥሩ ጀመረላት። ድሮ የወጣ የኮምፒውተር ጌም አለ። አንድ መንገደኛ ወፍጮው የቆመበት መንደር ይደርሳል፤ ሰው ያናግራል፣ ዕቃ ይለቅማል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል። የሠራው ድርጅት ከፈረሰ ቆይቷል፤ በአሁን ዘመን ኮምፒውተርም አይከፈትም። ልጅ ሆነው የወደዱት ሰዎች ግን በየአገሩ ተፈላልገው፣ ከሥራ መልስ፣ ያለ ክፍያ፣ እንደገና ይሠሩታል። አንዱ ይሥላል፣ አንዱ ሙዚቃውን ይጫወታል። ናስረዲን ስህተት ይለቅማል። አቶ ተረፈ የአማርኛውን ጽፈዋል፤ በረኛውንም በድምፃቸው ተጫውተዋል።

"ወፍጮው የቆመበት መንደር" አለች አስናቀች በቀስታ።

ታውቀዋለች። አባቷ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ታይፒስት በነበሩበት ዘመን፣ እናቷ ዶዮገና ገበያ በምትውልበት ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ ይዘዋት ይቀሩ ነበር። አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ጌሙን ኮምፒውተሩ ላይ ትቶት ሄዷል። ከሥሯ ወፍራም መጻሕፍት ደራርበው ወንበር ላይ ያስቀምጧታል፤ እሳቸው መዝገበ ቃላት ይገልጣሉ፣ እሷ ማውሱን ትይዛለች። አንድ በር ላይ ደርሰው ቆሙ። በረኛ አለ፤ አያስገባም። ገመድ ሰጡት፣ ራሱን ነቀነቀ። ሽንኩርት ሰጡት፣ ነቀነቀ። ዓሣ ሲሰጡት እንኳ ነቀነቀ፤ ያን ቀን አባቷ "ይኼ ሰውዬ ጾመኛ ነው" ብለው በሳቅ ገደሏት። ከዚያ አንድ ክረምት መብረቅ ኮምፒውተሩን አቃጠለው፤ በሩም ሳይከፈት ቀረ።

መብረቁ በወደቀበት ሌሊት ጅብ ቤታቸው አጠገብ ሲጮህ፣ ከብርድ ልብሷ ሥር ሆና "አባዬ፣ በረኛው ዘግቶታል?" ብላ ጠየቀች።

"ያኛውን እሱ ዘግቶታል" አሏት። "የእኛን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ተኚ።"

ከዚያ ወዲያ በየማታው ትጠይቃለች፤ በየማታው ይመልሱላታል። ሐዳሳ ተወልዳ አፍ ስትፈታ ጥያቄውን ተረከበቻት። መልሱን የሚሰጡት ግን እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

"በሩ የሚከፈተው በምንድን ነው?" አለችው ናስረዲንን። ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነ።

ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። "ይሞክሩት። ምንም አይስጡት። ዝም ብለው ይንኩት።"

በስክሪኑ ላይ አንድ ትንሽ መንገደኛ በሩ ፊት ቆሟል። በሩ አረንጓዴ ነው። በረኛው ጋቢ ለብሷል። ነካችው።

"ደህና ዋሉ?" አለ መንገደኛው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ በረኛው። የአባቷ ድምፅ ነበር። ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"አይተዉት። ደግመው ይንኩት" አለ ናስረዲን።

"ቤተሰብ ደህና ነው?"

"ሁሉ ደህና።"

"ከብቱስ?"

"ደህና ነው፤ ተመስገን።"

"እንሰቱስ?"

አስናቀች ቀና ብላ ከራሷ በላይ ያለውን ቅጠል አየች፤ ከዚያ ናስረዲንን።

"እሱን የጨመሩት አባባ ናቸው" አለ። "ፖላንዳዊቷ እንሰት ምን እንደሆነ ለማወቅ ስንት ነገር አነበበች መሰለዎት። መፍትሔው ከጥንትም ይኸው ነበር፤ በረኛው ደጋግሞ ካልጠየቁት አይከፍትም። አባባ ድሮ አንዴ ‘ሄሎ’ ብለው ትተውት ነበር። ‘በእንግሊዝኛ ሰላም የሚባለው አንዴ ብቻ መስሎኝ’ አሉን።"

"እንሰቱም ደህና ነው" አለ በረኛው። "በል ግባ፣ መሽቷል።"

በሩ ተከፈተ። መንገደኛው ገባ። በረኛው ተከትሎት ገባና መቀርቀሪያውን ወረወረ።

"ተዘግቷል። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ተኛ።"

አስናቀች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ያለቀሰችው ግን መርዶውን ስትሰማ እንዳለቀሰችው አይደለም፤ ይኼኛው ሲወርድ ደረቷን ቀለል አደረገላት።

ከኋላቸው አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ሀንዲኖ ናቸው። አስናቀች ስልኩን ለመደበቅ ሞከረች። አባቷን የመሰለ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በለቅሶው ቀን፣ ከጌም በወጣ ሥዕል ተሰቅሎ፣ ድምፁ ከጌም ውስጥ እየጮኸ። አሁን ጉድ ፈላ አለች በልቧ።

"ጋሽ ሀንዲኖ፣ ባነሩን አሁኑኑ እናወርደዋለን፤ ሳናውቅ ነው..."

"ለምን? በመታወቂያው ፎቶ የተቆጣ ይመስላል። ይኼኛው ራሱ ተረፈ ነው።" ወደ ድንኳኑ ዞር ብለው ማንም እንደማይሰማ አዩና ጎንበስ አሉ። "ወደ ውስጥ ዝለቂና ባለ ወፍጮውን አናግሪው።"

ነካችው። አንድ ሻካራ ድምፅ "ወፍጮዬ ቆመ፤ ልቤም አብሮ ቆመ" ብሎ ረጅም ሳል ሳለ።

ናስረዲን ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየ። "ባለ ወፍጮው እርስዎ ነዎት?"

"ሳሌን አውጡልኝ ብዬ ለተረፈ ነግሬው ነበር" አሉ ጋሽ ሀንዲኖ አንገታቸውን ደፍተው።

"እሱንማ ድምፅ ተሰጥቶበት ነው ያቆዩት፣ ጋሼ። ሁሉም ወዶት።"

"በዓሣው የተጣሉትስ ታረቁ?"

"ታረቁ።" ናስረዲን ወደ አስናቀች ዞረ። "ዓሣው ሰማያዊ ይሁን፣ ብርማ ይሁን ብለው ተከፋፍለው ግሩፑ ሊፈርስ ነበር። አባባ ናቸው ሁለቱንም ወገን ያስቀመጡት። ‘መጀመሪያ አንዳችሁ የሌላችሁን ዓሣ አመስግኑ። ከዚያ ነገሩ ይደር’ አሏቸው። አድረው ሲመለሱ ሁሉም አፍረው ነበር።"

"እንዴት ያለ ሽማግሌ ነበር" አሉ ጋሽ ሀንዲኖ፣ የመንደር መሬት ክርክር ያወሩ ይመስል።

ናስረዲን ስልኩን ተቀብሎ ሌላ ነገር ከፈተ። "የመጣሁት ይኼን ላሳይዎት ነው። ማረፋቸውን ከሆሳዕና ሰው ሰምቼ ትናንት ነገርኳቸው። ምን እንደሚባል አያውቁም፤ ያላቸው አማርኛ የአባባ ቃላት ብቻ ነው።"

ከአባቷ ሥዕል ሥር ሰምታቸው የማታውቃቸው ስሞች ወርደዋል፤ ከፖላንድ፣ ከብራዚል፣ አስናቀች ከማታውቃቸው ከተሞች። እያንዳንዱ ፊደሉን ከጌሙ ላይ እየገለበጠ ያንኑ ጽፏል። አንዳንዱ ፊደል አጣምሟል፣ አንዳንዱ አንድ ፊደል ዘሏል።

እንሰቱስ?

እንሰቱስ?

እንሰቱስ?

አስናቀች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሌላ ቤት አለ ብላ የፈራችው ይኼን ኖሯል።

"ደህና ነው በላቸው" አለች። "እንሰቱም ደህና ነው በላቸው። ልጃቸው ናት ያለችው በል።"

ናስረዲን ሳይበላ አልሄደም። አስናቀች ራሷ ቆጮና አይብ አቀረበችለት፤ "በሞተር ስትመለስ ቀስ በል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሰው አልቋል" ብላ ስትደጋግምበት "አባባም እንዲህ ነበር የሚሉኝ፣ ‘ልጄ ብትሆን እንዲህ ትልህ ነበር’ እያሉ" አላት።

የመጨረሻው ቀን ጸሎት ተደርጎ፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ ዕድርተኛው ድንኳኑን ነቀለ። አግዳሚዎቹ በጋሪ ተጭነው ሄዱ። ከሩቅ የመጣው ዘመድም ጀምበር ሳትጠልቅ በየመኪናው ተሳፈረ። አበራ ባነሩን አውርዶ አጣጥፎ "የት ላድርገው?" ሲል፣ አስናቀች ተቀብላው አባቷ ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተሩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ዘርግታ በሚስማር መታችው። ኮምፒውተሩንም በጨርቅ አልሸፈነችውም።

ሲመሽ ቤቱ ከወትሮው የሰፋ መሰለ። ሳሎኑ በር ላይ ቆመች። ውጭ ውሻ ይጮሃል፤ ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል። እንደ ልማዷ ሌባውን፣ እሳቱን፣ ጅቡን ሁሉ በየተራ አሰበቻቸው። ከዚያ በሩን ገፋችው። እጇ ሳታስበው ወደ ግራ ሄደና ባዶ እንጨት ነካ። ቆም አለች፤ ፈገግታም ሳያመልጣት አልቀረም። እጇን ወደ ቀኝ መለሰችና መቀርቀሪያውን ወረወረችው።

"እማ" አለች ሐዳሳ ከውስጥ ክፍል። ጥያቄው ለማን እንደሆነ የጠፋት መሰለች። "እማ... በሩ ተዘግቷል?"

አስናቀች ሌላ ቀን ቢሆን ተመልሳ ሁለቴ ሦስቴ ትፈትሸው ነበር። እጇን ከመቀርቀሪያው ላይ አነሳች።

"ተዘግቷል" አለች። "የዘጋሁት እኔ ነኝ። ተኚ።"