አሥራ አምስት መስኮቶች

የመልስ ቁልፉ የጫማ ካርቶን ክዳን የሚያህል ጠንካራ ወረቀት ነው። አሥራ አምስት መስኮቶች በምላጭ ቆርጬበታለሁ። ኮሌጃችን የሚገቡ አዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ዓረፍተ ነገር ያለበት መጠይቅ ይሞላሉ። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንድ «እኔን ፈጽሞ አይመለከትም»፣ አምስት «ልክ እኔን ነው» ማለት ነው። ሃያ አምስቱ የጭንቀት ናቸው፤ «እንቅልፍ አይወስደኝም» ዓይነት። አሥራ አምስቱ ደግሞ የሰላም ናቸው፤ «የማማክረው ሰው አለኝ» ዓይነት። የሰላሞቹ ቁጥር ተገልብጦ ይደመራል፤ አምስቱ አንድ፣ አንዱ አምስት ይሆናል። ካርቶኑን ከወረቀቱ ላይ ሳሳርፈው በመስኮቶቹ የሚታዩኝ እነዚያ የሚገለበጡት ናቸው። ድምሩ ከመቶ ሃያ ካለፈ ተማሪውን ጠርቼ አነጋግረዋለሁ። ካላለፈ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለቤተሰቡ ይላካል።

በሌላው ዓመት የምጠራቸው ከሃያ አይበልጡም ነበር። ዘንድሮ ከሁለት መቶ አርባ ተማሪዎች ስልሳ ሦስቱ አለፉ። ዘመኑ ከፍቷል ብዬ ለዲኑ ሪፖርት ጻፍኩ።

ሰኞ ጠዋት የመጣው ልጅ ጓደኞቹ «ሬዲዮ» የሚሉት ነው፤ አፉ አያርፍም። ድምሩ መቶ ሃምሳ አንድ ነበር።

«መምህር፣ ሞቻለሁ እንዴ? ለእኔ ብቻ ነው ያልተነገረኝ?»

«ተቀመጥ። እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«እሱን የክፍል ጓደኞቼን ይጠይቁ። በማንኮራፋቴ ሊከሱኝ ነው።»

«ምግብስ?»

«የራሴን እጨርስና የጎረቤቴን አያለሁ።»

ከሳቅ ጀርባ የሚደበቁ ተማሪዎች አሉ፤ ስለ እነሱ ትምህርትም ሰጥቻለሁ። ስለዚህ በገዛ መልሱ ልይዘው ወረቀቱን አወጣሁና ካርቶኑን አሳረፍኩበት። በሰባተኛው መስመር ላይ በተቆረጠው መስኮት የታየኝ «ያለ ምክንያት ያስለቅሰኛል» የሚለው ነበር። መታየት የነበረበት «ጠዋት ስነቃ ደስ ይለኛል» አንድ መስመር ከፍ ብሎ ካርቶኑ ስር ተሸፍኗል። ቀጣዩን አየሁ፤ ያው ነው። አሥራ አምስቱም መስኮቶች የሚያዩት ከሰላሙ ቀጥሎ ያለውን ጭንቀት ነበር። እጅግ ደስተኛው የተጨነቀ፣ እጅግ የተጨነቀው ደስተኛ ሆኖ ተደምሯል።

ምክንያቱን ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም። በእረፍቱ ወራት ዲኑ መጠይቁን አይቶ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፊቱን አኮሳትሮ ነበር። «መኖር ይታክተኛል» ይላል። «ልጆቹን እንኳን ደህና መጣችሁ የምንላቸው በዚህ ነው? ወደ መጨረሻ አውርደው» አለኝ። ልክ ነው ብዬ አርባኛ አደረግኩት። የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ ከፍ አሉ። ካርቶኑን ግን እንደገና አልቆረጥኩም።

«መምህር፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ አመድ መሰለ» አለ ልጁ።

«ሂድ። ደህና ነህ።»

«እኔስ ምን አልኩዎ?»

በሩን ቆለፍኩና ካርቶኑን ትቼ ሁለት መቶ አርባውን ወረቀት በጣቴ እየቆጠርኩ ደመርኩ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ፈጀብኝ። ከሁሉ የሚያሰጉት፣ ከመቶ ሰባ በላይ የወጡት አራት ናቸው። የአራቱም ቤተሰቦች ደብዳቤው ደርሷቸዋል።

የመጀመሪያዋ መቶ ሰማንያ ስምንት ናት። ስሟን እንዳነበብኩ ማን እንደሆነች ታወሰኝ። ሐሙስ ዕለት እዚሁ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም። «መምህር፣ አቋርጬ ወደ ወንድሜ ልሂድ። አልቻልኩም» ነበር ያለችኝ። መዝገቡን አይቼ ሰማንያ ስድስት የሚለውን ቁጥር ወደ እሷ አዞርኩላት። «እይው። ከብዙዎቹ ትሻያለሽ። አዲስ ቦታ ሆኖብሽ ነው» አልኳት። ቁጥሩን ብዙ አየችው። «እንዲህ ከሆነ…» ብላ ጀመረችና ሳትጨርስ ወጣች። በማስታወሻዬ ላይ «አራት ደቂቃ። ክትትል አያስፈልግም» ብዬ ጽፌያለሁ። አርባኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የሰጠችው ቁጥር አምስት ነው።

ለዲኑ ደወልኩ። «ነገ ስብሰባ እንጠራለን። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሴቶች መኝታ ሮጥኩ።

አልጋዋ ተነጥፏል። ስልኳ ትራሱ ላይ ነው። የክፍል ጓደኛዋ «ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ የለችም» አለችኝ። «ለወንድሟ ደውላ ስታለቅስ ነበር። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወጣች። ቤቷ የሄደች መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ወንድሟ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ» ተብሎ ተጽፏል። ስደርስ ከአንድ አውቶቡስ ሆድ ስር እግሩ ብቻ ይታይ ነበር። ማንነቴን ስነግረው ተንሸራትቶ ወጣና እጁ ቅባት ስለሆነ ክንዱን ዘረጋልኝ።

«እህትዎ እዚህ መጥታለች?»

«እዚህ ምን ትሠራለች? እናንተ ጋር አይደለችም እንዴ?»

«ከቅዳሜ ጀምሮ የለችም።»

ጨርቅ አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርግ ጀመር። «ቅዳሜ ደውላልኝ ነበር። ልምጣ፣ አልቻልኩም አለችኝ። እናትም አባትም ሆኜ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ነይ ልላት ነበር። ግን የእናንተ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ አለ። የተማረ ሰው በማኅተም ደህና ናት ካለ እኔ ጎማ ፈቺው ምን አውቄ? አትሞላቀቂብኝ አልኳት።»

«ደብዳቤው ስህተት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

የካርቶኑን ነገር በአጭሩ ነገርኩት። እሷን የመሰሉ ሦስት ሌሎች እንዳሉም ነገርኩት። የሞተር ብልሽት እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ። ስጨርስ አንቱታውን ተወው።

«ፊት ለፊትህ ቆማ ነበር?»

«አዎ።»

«ፊቷን አላየህም?»

«አየሁ።»

«እና?»

«ቁጥሩን አመንኩ።»

«አንተ መካኒክ ብትሆን ፍሬን የሌለው አውቶቡስ ሕዝብ ጭነህ ትለቅ ነበር» አለ። «አሁን መጥተህ ትነግረኛለህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

ከዚያ ንግግሩን አቁሞ ወደ ጓሮው ዞረ። «ትንሽ ሳለች የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ እዚህ ነበር የማውላት። የማስተኛትም እዚያ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ነበር» አለና እየሮጠ ሄደ። ተከተልኩት።

ጓሮው ውስጥ መለዋወጫ የሚፈታባቸው የሞቱ አውቶቡሶች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። አሥራ አንድ ናቸው። እሱ የግራውን ረድፍ፣ እኔ የቀኙን ያዝን። በሮቹ ዝገዋል፤ አንዱን በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ ወንበር አልባ ሆኖ አገኘሁት። ሁለተኛው ውስጥ የጎማ ክምር ብቻ ነበር። «ሚጣዬ» የሚል ድምፅ ከማዶ ይሰማኛል፤ በየአውቶቡሱ እየቀጠነ መጣ። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ስደርስ የኋለኛው ረጅም ወንበር ላይ የሞተር መሸፈኛ ሸራ ለብሳ ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ደረቷን ሰዓቴን ይዤ አየሁ፤ በግማሽ ደቂቃ አሥራ አራት ጊዜ ተነፈሰች። ወንድሟ ጭንቅላቷን ታፋው ላይ አድርጎ በጠርሙስ ክዳን ውሃ ያጠጣታል።

«ልቆጣሽ አልመጣሁም። ሚጣዬ፣ እኔ ነኝ።»

ዓይኗን ገለጠች። «ደህና ነኝ» አለች። «ደህና ነሽ ተብያለሁ።»

«ውሸት ነው። አይደለሽም።»

አለቀሰች፤ እንባ ግን አልወጣትም። ሰውነቷ የሚያወጣው ውሃ አልነበረውም።

«ቆመህ አትይ፣ እግሯን ያዝ» አለኝ።

በጋራዡ ጭነት መኪና ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሷ ዘመድ መሆኔን ጠየቀችኝ። አይደለሁም ስላት ውጭ እንድጠብቅ አደረገችኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወንድሟ ወጣ።

«ትተርፋለች ብለዋል። አንተን ግን ማየት አልፈልግም አለች።»

«ልክ ናት።»

«ሦስት ሌሎች አሉ አላልከኝም? ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጥሃል?»

ከጤና ጣቢያው በር ላይ ደወልኩ። አንዷ እናቷ ቤት ናት፤ ለእናትየዋ ሁሉንም ተናግሬ ካጠገቧ እንዳትለይ ለመንኳት። ሌላው ከአጎቱ ጋር ነበር። ሦስተኛው ስልክ አያነሳም፤ መቶ ሰባ ዘጠኝ የወጣው ነው።

የወንዶች መኝታ ስደርስ መሽቶ መብራት እየበራ ነበር። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳሁ። የአልጋ ሽቦ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

«ማን ነው?»

«የምክር ክፍሉ መምህር ነኝ። ለቤተሰብህ የላክሁት ደብዳቤ ስህተት ነው። ደህና ነህ ያልኩት ሳላይህ ነው።»

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ክፈትልኝ።»

«ነገ ይምጡ።»

«ነገ አልመጣም።»

«መምህር፣ ደክሞኛል። ይሂዱ።»

አብሮኝ የወጣው የበር ጠባቂ ሌላ ቁልፍ ሊያመጣ ወረደ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። የምጠይቀው ጠፋኝ፤ አርባውም ዓረፍተ ነገር ከአፌ ሸሸ። መሄዴን እንዳያስብ ብቻ በጣቴ አጥንት በሩን ቀስ እያልኩ አንኳኳ ነበር፤ እንዲመልስልኝ፣ ከውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲያንኳኳ።