የቀደመው እጅ

ትሕትና እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ከተመለሰች ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላትም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሰካቻትን የክብሪት ሣጥን የምታህል ዕቃ ትነካካለች፤ ክፍሉን አቋርጣ ከቴፑ ጀርባ ያለችውን የዕቃዋን መንትያ ትነካካለች፤ ሁለቱም ሰማያዊ መብራታቸውን አብርተው ደህና ነን ቢሏትም አላመነቻቸውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ትሕትና ግን ገና ሳታፈስ ትለቅም ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ወንድሟ ኪዳነ ማርያም በቴሌቪዥን ይቀርባል። አባቷ ደግሞ ሊያዩት ፈቅደዋል። ለሰባት ዓመት ስትለምነው የኖረችው ነገር ነው፤ እንዴት አርፋ ትቀመጥ?

አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አርባ ዓመት አቋቋም ያስተማሩ ሰው ናቸው። አቋቋም ማለት ዜማው ከመቋሚያው፣ ከጸናጽሉና ከከበሮው ጋር እኩል የሚሄድበት ትምህርት ነው። ድምፅ ያማረለት ሁሉ በእሳቸው ዘንድ ሊቅ አይባልም፤ እጅና ጉሮሮ እኩል መድረስ አለባቸው። ኪዳነ ማርያም ወንበራቸውን ይወርሳል ሲባል፣ ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አዲስ አበባ ገባና ከሌላ መምህር ዘንድ አስመስክሮ መምህር ሆነ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ቃል አልተለዋወጡም። ልጁ በየበዓሉ ይደውላል፤ ትሕትና ስልኩን ትዘረጋለች፤ መሪጌታ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

በዚህ ላይ የመሪጌታ ጆሮ እየከዳ ነበር። ይህን በቤቱ ውስጥ ደፍሮ የሚናገር የለም። የዜማ መምህር ጆሮው ከደከመ ምን ቀረው? ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የሌላው ነበር። «የዛሬ ሰው እኮ አፉን ከፍቶ አይናገርም» ይላሉ፤ ተማሪው ያንሾካሹካል፣ ቄሱ ያጉተመትማል፣ ሬዲዮው አርጅቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት ስለ ሐሜት የተነገረ ነው፤ በመሪጌታ ላይ ግን በቁሙ ደረሰ። ትሕትናን የሚያስፈራትም ይኸው ነበር፤ ጆሯቸው ፈጽሞ ሳይዘጋ የልጃቸውን ድምፅ ቢሰሙ ሌላ ምንም አልፈልግም ትል ነበር።

ኪዳነ ማርያም ወረብ ሲመራ የተቀረጸበት ዝግጅት እሑድ እንደሚተላለፍ በነገራት ዕለት፣ ወሬውን ለአባቷ ስትነግር ዓይኗ የጓሮውን በር እያየ ነበር። መሪጌታ ግን አልተነሱም። ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና፣

«ልየው» አሉ። «እጁ ልክ ከሆነ ስልኩን ታቀብይኛለሽ። ካልሆነ ግን ዳግመኛ በዚህ ቤት ስሙን እንዳታነሺ።»

ችግሩ ድምፁ ነበር። ያ ስስ ቴሌቪዥን ድምፁን ወደ ግድግዳው ነው የሚተፋው፤ ለጤነኛ ጆሮ እንኳ ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስላል። የሟች እናቷ ትልቁ ቴፕ ግን ከመሪጌታ ወንበር ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ስፒከሮች ነበሩት፤ በእነሱ ሲሆን ይሰማሉ። መስከረም ላይ ቴሌቪዥኑንና ቴፑን በረጅም ገመድ አገናኝታቸው ነበር። አንዱ በዚህ ግድግዳ፣ ሌላው በዚያ፣ መተላለፊያው በመካከል፤ መሪጌታ በገመዱ ተጠልፈው ወደቁና ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ። ሲነሱ የመጀመሪያ ሥራቸው ገመዱን ነቅለው መወርወር ሆነ።

«በዚህ ቤት ወለል ላይ ገመድ እንዳላይ!»

ትሕትና ገመዱን አንስታ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ስለዚህ ገበያው አጠገብ ሞባይልና ሬዲዮ ወደሚጠግነው ወደ ይርዳው ሄደች። ይርዳው ለማንኛውም ችግር መሳቢያው ውስጥ አንድ ነገር የማያጣ፣ ወሬውም ከመሳቢያው የማያንስ ሰው ነው።

«ገመድ ድሮ ቀረ፣ እቴ» አላትና ሁለቱን ትንንሽ ዕቃዎች መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «ይቺ ከቴሌቪዥኑ ትልካለች፣ ይቺ ቴፑ ዘንድ ሆና ትቀበላለች። ብሉቱዝ ነው፤ በአየር። ድምፁ ከምስሉ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። የዓይን ጥቅሻ የምታህል ናት፤ ማን ልብ ይለዋል?»

«ማንም» አለች ትሕትና፤ እግሯ በሩን አልፎ ነበር።

ቅዳሜ ዜና ከፍታ ሞከረችው። የአንባቢው ድምፅ ከሁለቱ ስፒከሮች ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። መሪጌታ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉና «ይኸ ሰውዬ ገና ዛሬ አፉን ከፍቶ ተናገረ!» አሉ። ትሕትና ማድቤት ገብታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስትመለስ የአንባቢው ከንፈር ቃሉ ሳያልቅ ሲገጠም ያየች መሰላት። ጣቢያው ይሆናል ብላ ተወችው።

አሁን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው። መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን አደላድለው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ትሕትና ስልኳን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠች፤ አነሳችው፤ ድምፁን አረጋገጠች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ምን ያቅበጠብጥሻል? ተቀመጪ!»

ከወንበሩ ጀርባ ቆመች።

ኪዳነ ማርያም ታየ። ወፍሯል፤ ጢሙ ሞልቷል። ከካህናቱ መካከል ወጣ ብሎ አፉን ሲከፍት ድምፁ ቤቱን አንቀጠቀጠው፤ የመስኮቱ መስታወት ሳይቀር ተንቀጫቀጨ። መሪጌታ ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«የእናቱ ድምፅ» አሉ ቀስ ብለው።

ትሕትና ዓይኗን ወደ ስልኩ ላከች። ሆነ፤ አበቃ፤ ታረቁ! መቋሚያዎቹ ወደ ግራ ወደ ቀኝ መዘመም ሲጀምሩ የመሪጌታ ጣቶችም መቋሚያቸው ላይ መምታት ጀመሩ። መቱ፤ ቆሙ። እንደገና መቱ፤ እንደገና ቆሙ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ምነው አባባ?»

«እጁ ይቀድማል።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ! ዜማው ሳይደርስ እጁ ይደርሳል። ሌሎቹንም አየሻቸው? ሁሉም ቀድመዋል። መሪው ከቀደመ ተከታዩ ምን ያድርግ? ይዟቸው ጠፋ!» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ብዬ ነበር። ችኩል ነው ብዬ ነበር። ሳይበስል ወጣ።»

ትሕትና ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። በወንድሟ ተናደደች፤ እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ክፉኛ ተናደደችበት። ሰባት ዓመት ለምኜልህ፣ በዚህች ቀን እጅህን መግዛት ያቅትሃል? በዚህ መካከል ምስሉ ወደ ከበሮው ዞረ። የመቺው መዳፍ ቆዳው ላይ አረፈና፣ ከበሮው ከዚያ በኋላ ጮኸ። ደግሞ አረፈ፤ ከዚያ ጮኸ። ሰው ይቸኩላል፤ ከበሮ ግን ከተመታ በኋላ ጥቂት አስቦ የሚጮህበት አገር የለም።

«አባባ! ዕቃው ነው! ድምፁ ነው የዘገየው እንጂ እጁ አልቀደመም!»

መሪጌታ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ በሁለቱ ስፒከሮች ጩኸት መካከል ምን ሊሰሙ? «አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ» አሏት።

ብሉቱዟን ከቴሌቪዥኑ መንጭቃ ነቀለች። ስፒከሮቹ ጸጥ አሉ፤ ያ የጣሳ ዝንብ ብቻ ቀረ።

«ዘጋሽው? ደግ አደረግሽ» አሉ መሪጌታ። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «ከእንግዲህ ስሙን እንዳታነሺብኝ።» ወደ ጓሮው በር ማዝገም ጀመሩ።

ትሕትና መሳቢያውን ስትከፍተው ተነቅሎ እግሯ ላይ ወደቀ። ገመዱ ከአሮጌ የመብራት ሽቦ ጋር ተተብትቧል። በእጇ ጎተተችው፤ በጥርሷ ያዘችው፤ ቋጠሮው ሲላቀቅ አንዱን ጫፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች፤ ሌላውን ይዛ በመተላለፊያው ላይ፣ በአባቷ እግር ፊት ለፊት እየጎተተች ወደ ቴፑ ሮጠች። መሪጌታ ገመዱ ጋ ሲደርሱ ደንግጠው ቆሙ።

«ገመድ! ልትገይኝ ነው?»

ከቴፑ ተቀባይዋን ነቀለችና ገመዱን ሰካችው።

ከበሮው ፈነዳ። መሪጌታ ዞሩ። ወረቡ ወደ ማለቂያው ደርሶ ደምቋል፤ ኪዳነ ማርያም እጁን ሲያነሳ ድምፁ ተነሳ፣ ሲያወርድ ወረደ፤ የከበሮው ቆዳ እንደተመታ ጮኸ። ትሕትና ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ አባቷ እንዳይጠለፉ ገመዱን በሁለት መዳፏ ተጭና ይዛለች። ሽቅብ አየቻቸው። አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል። መቋሚያቸው ከወለሉ ተነሳ፤ ወደ ግራ ዘመመ፤ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ አዲስ አበባ ካለው የልጃቸው መቋሚያ ጋር አንድም ሳይቀድም፣ አንድም ሳይዘገይ። እስኪያልቅ አልተቀመጡም።

አለቀ። የሳሙና ማስታወቂያ መጣ።

ትሕትና ከወለሉ አልተነሳችም። ምን እንደሚሉ መጠየቅ ፈራች። መሪጌታ ተነቅላ ወለሉ ላይ የወደቀችውን ትንሽ ዕቃ ቆይተው አዩ፤ ከዚያ ገመዱን አዩ፤ ከዚያ እሷን።

ስልኩ ጠራ። መሪጌታ ጥሪውን አልሰሙትም፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሲበራ ግን አዩት። ትሕትና ልትነሳ ስትል በእጃቸው ምልክት መለሷት። መቋሚያቸውን ከገመዱ ወዲያ ተከሉ። አንድ እግራቸውን አነሱ፤ አሻገሩ፤ ሌላውን አስከተሉ። ስልኩን አንስተው አረንጓዴዋን ነኩና ቀኝ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

የኪዳነ ማርያም ድምፅ ለትሕትና እንኳ ከወለሉ ድረስ ተሰማት። «ትሕትና? አባባ አዩኝ? ምን አሉ?»

መሪጌታ ስልኩን ወደ ግራ ጆሯቸው አዛወሩት። እንደገና ወደ ቀኝ መለሱት።

«ትሕትና! ለምን ዝም ትያለሽ?»

አሁን አፉን ከፍቶ አይናገርም ሊሉ ነው ብላ ትሕትና ዓይኗን ጨፈነች።

«ኪዳኔ» አሉ መሪጌታ። «እጅህ ልክ ነው። የኔ ጆሮ ግን ከድቶኛል፣ ልጄ። የምትለው አይሰማኝም። መጥተህ ንገረኝ።»