የዝምታ ኮከብ

የእህቴ የብሩክታይት ልጅ ማክዳ ለፍላፊ ነበረች። ገና በአራት ዓመቷ፣ ጠዋት የጀመረችውን ወሬ ማታ እንቅልፍ ነው የሚያስጥላት። እናቷ "ጆሮዬን በላችው" ትላለች። እኔ አክስቷ ግን ያን ልፍለፋ ለመስማት ስል ብቻ ከአረካ ሶዶ እመላለስ ነበር።

መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ይህ ቀረ። መምህሯ ሚስ ሳህሊቱ እጁን አጣጥፎ ዝም ላለ ልጅ ግንባሩ ላይ የወረቀት ኮከብ ትለጥፍለታለች። ሳይፈቀድለት የተናገረውን ጨለማ ዕቃ ቤት ትዘጋበታለች። ማክዳ ዕቃ ቤቱን ከቀመሰች ወዲህ በየቀኑ ኮከብ ይዛ መምጣት ጀመረች። ብሩክታይትም ደስ ብሏት፣ ኮከብ ገዝታ ቤት ውስጥም ዝም ባለች ቁጥር ግንባሯ ላይ ትለጥፍላት ጀመር። ቤታቸው ለጸሎት የሚመጡት ጎረቤቶች ሁሉ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!" ይላሉ።

"ጨዋ አይደለችም፤ ፈርታ ነው" አልኳት እህቴን።

"ዝምታ ወርቅ ነው።"

"ለአራት ዓመት ልጅ ወርቅ ምን ያደርግላታል?"

"አንቺም ወልደሽ እይው!" አለችኝ። ተናደድኩ።

አንድ ቀን በር የማክዳን ጣት ቀረጠፋት። ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን አወረደች እንጂ ድምፅ አላሰማችም። 

በሚያዝያ፣ ዝናቡ ባባራበት ቀን ሄድኩ። ብሩክታይት ደጅ ላይ ልብስ ታጥባለች።

"ባሮክስ?" አልኩ። ባሮክ ገና መራመድ የጀመረው ትንሹ ልጇ ነው።

"ከእህቱ ጋር ጓሮ ነው። ምንም ድምፅ የለም፤ ሰላም ናቸው።"

ጓሮ ስደርስ ማክዳ በርጩማ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ብቻዋን ናት።

"ባሮክ የት አለ?"

አልመለሰችም። ዓይኗ ብቻ ወደ እንሰቱ ሄደ። ከእንሰቱ ጀርባ ቆጮ ይቀበርበት የነበረ አሮጌ ጉድጓድ አለ፤ ዝናቡ ሞልቶታል። ሮጥኩ። ባሮክን በሸሚዙ ይዤ ጎትቼ ከውሃው አወጣሁት። ፊቱ ጠቁሯል። ደፍቼ ጀርባውን መታሁት፤ ጌታን እየጠራሁ መታሁት። በመጨረሻ ጭቃ ውሃ አስመለሰውና አለቀሰ።

ብሩክታይት እየጮኸች ደረሰች። ልጁን አቅፋ ወደ ማክዳ ዞረች። "ሲገባ አላየሽውም?"

"አየሁት" አለች ማክዳ በሹክሹክታ።

"ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?"

"ዝም አልኩ።"

ከዚያ ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ ገለጥ አደረገችና ወደ እናቷ ቀና ብላ ጠበቀች።